ስም የለሿ ራዲዮና የሞያሌ መንገድ

ከሞያሌ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም። ባለቤቴ "ወይ ጻፈውና ይውጣልህ፣ ወይ ዝም በል" ስላለችኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። አብዛኞቻችሁ ያንን ከተማ፣ ይልቁንም የኬንያውን በኩል፣ የምታዩበት አጋጣሚ አይኖራችሁም። ስለዚህ መንገዱንም፣ ያደርኩበትንም፣ የበላሁትንም እነግራችኋለሁ። የተናደድኩበትንማ ሳትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ የመገናኛ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ራዲዮ ስል ዜና የሚሰማበትን አይደለም፤ የሆቴል ጥበቃዎች ወገባቸው ላይ የሚሰኩትን፣ ቁልፉን ተጭነው "ይሰማል?" የሚባባሉበትን ነው። አንድ ቀን ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ሰው ደወሉልኝ። በኬንያው ሞያሌ ሆቴል ከፍተው ያረጁ የአገራችን ሰው ናቸው፤ የሚያውቁኝ በዘመድ በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞያሌ ወጣ ብላ ካለችው ከጎዶማ ወዲያ፣ ቆላው ላይ፣ ስልክ የማይይዝበት አንድ የቦረና መንደር አለ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሁለት የእጅ ራዲዮ ሰጥቶ ነበር፤ አንዷ የመንደሩ አዋላጅ ዘንድ ናት፣ ሌላዋ ጋሽ ተፈራ ሆቴል። ሴት ምጥ ሲይዛት አዋላጇ ትጠራለች፣ ጋሽ ተፈራ ፒክአፓቸውን ይዘው ወርደው ወደ ሆስፒታል ያመጧታል። አሁን የጋሽ ተፈራዋ ራዲዮ ድምፅ የላትም። የአዋላጇ ምራት፣ ደርሚ የምትባለው፣ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ያለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇ መኪና ሲጠብቁ መንገድ ዳር ተወልዶ እዚያው ሞቷል።

"ሞዴሏ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ስም የላትም።"

"ጋሼ፣ ስም የሌለው ራዲዮ የለም።"

"እንግዲያው መጥተህ አንተው ስም አውጣላት።"

ከገበያ አዲስ ሁለት ገዝተው ሞክረዋል፤ ከሆቴሉ አጥር ብዙም ርቀው አልተሰሙም። የላኩልኝ ፎቶ ጥቁር ሳሙና ይሁን ራዲዮ አይለይም። ስለዚህ ራዲዮን ከላፕቶፕ የሚያገናኝ ያለኝን ኬብል ሁሉ ሰብስቤ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከሐዋሳ ያቤሎ

ትኬቱ ላይ የተጻፈው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከመናኸሪያ የወጣነው ግን ረፋዱ ላይ ነው። ረዳቱ ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቆ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። "ላፕቶፕ አለበት!" ብዬ ስጮህ "አባት፣ ላፕቶፕም መንገደኛ ነው" አለኝና አንድ ጆንያ ድንች ጫነበት። በመሰላሉ ወጥቼ፣ ድንቹን ገፍቼ፣ ቦርሳዬን አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ዲላ ስንደርስ ጉልበቴ ደንዝዞ ነበር።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነውም አሮጌ ስለሆነ ነው። የድሮ ራዲዮ የሚያነበው ሶፍትዌር አዲስ ኮምፒዩተር ላይ አይከፈትም። ፋብሪካው ራዲዮውን መሥራት ሲያቆም ሶፍትዌሩንም ከድረ ገጹ ላይ ያነሳዋል፤ ዕቃውን የገዛ ሰው ከዚያ በኋላ ይሙት ይዳን ጉዳዩ አይደለም። እኔ ግን ላለፉት ብዙ ዓመታት ያገኘሁትን ሁሉ በሲዲ እየገለበጥኩ አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ ሲዲዎቹን ቆሻሻ ውስጥ ልትጥላቸው ስንት ጊዜ ዝታብኛለች።

ከሀገረ ማርያም በኋላ መሬቱ እየቀላ፣ ቁጥቋጦው እየተበተነ ሄደ፤ አየሩም ሞቀ። ያቤሎ አልጋ የያዝኩበት ቤት ውሃ አልነበረም። "ታዲያ ሻወር አለው ብላችሁ ለምን ጻፋችሁ?" ብዬ በረንዳው ላይ ቆሜ ጮህኩ። ባለቤቷ ምንም ሳትመልስ ገብታ አንድ ጀሪካን ውሃ ጎትታ አመጣች፤ ለራሷ ቤት ያስቀዳችው ነው። "ወንድሜ፣ ታጥበህም ይተርፍሃል" አለችኝ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ቧንቧ ለግማሽ ቀን ሲቋረጥ አገር ይያዝልን የምንል ሰዎች ነን። በግማሹ ታጥቤ ግማሹን መለስኩላት፤ ያን ሌሊት ትንኝ እንኳ ሳይነካኝ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን፤ ሞያሌ

ሜጋን አልፈን አንድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሹ ቦርሳዬን ሲከፍት ዓይኑ በራ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ኬብል ነው።"

"ለምን ሦስት?"

"የትኛው እንደሚሠራ ስለማላውቅ።"

"የማታውቀውን ዕቃ ለምን ትይዛለህ?"

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። የብየዳ ብረቴን እንደ ጩቤ አገላብጦ ካየው በኋላ "በል ሂድ" አለኝ፤ ጆንያ ሙሉ ጫማ የያዘው ጎረቤቴ ግን ሳይከፈት አለፈ።

ድንበሩን በእግር ነው የሚሻገሩት። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም አስመትቼ ኬንያ ምድር ላይ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ሞተር ብስክሌት ሊድጠኝ ምንም አልቀረውም። ለካ እዚያ በግራ ነው የሚነዱት፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ግራ ዓይቼ ነው መንገድ የማቋርጠው። ባለ ሞተሩ "ፖሌ፣ ምዜ!" ብሎ እጁን አውለበለበልኝ። ሊቀበሉኝ የመጡት ጋሽ ተፈራ "ይቅርታ፣ ሽማግሌው ማለቱ ነው" ብለው ተረጎሙልኝ። ለመዳጥ ከመቃረቤ ይልቅ ሽማግሌ መባሌ አናደደኝ።

ጋሽ ተፈራ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ምሳ ጥብስ በእንጀራ፣ ከጎኑም ኡጋሊ በስኩማ አቀረቡልኝ፤ ስኩማ ማለት የእኛው ጎመን ነው፣ ኡጋሊ ግን ገንፎ ሆኖ ቅቤ የተነፈገ ነገር ነው። ከዚያ ራዲዮዋን አመጡ። ስክሪን የላትም፤ አናቷ ላይ የምትዞር የቻናል ቁልፍ፣ ጎኗ ላይ የመናገሪያ ቁልፍና ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቁልፍ፣ በቃ። ጀርባዋን ገለበጥኩ። የፋብሪካው ስምና ሞዴል መኖር በነበረበት ቦታ ላይ የተላጠ ሙጫ ብቻ ቀርቷል።

"እዚህ ላይ ምን ነበር?"

"የድርጅቱ አርማ፤ ትልቅ፣ ባለ ቀለም። ፀሐይ ሲያገኘው ተልጦ ወደቀ።"

አርማው ሲላጥ የፋብሪካውን ስም ይዞት ሄዷል! ንዴቴ ከዚህ ጀመረ። አስቡት፤ ዕቃ ትለግሳላችሁ፣ ከዚያ ዕቃው ነገ ሲበላሽ መታወቂያው የሚሆነውን ጽሑፍ በራሳችሁ ስም ትሸፍናላችሁ። ፊቷ ላይ ሰፊ ቦታ ነበረላቸው። ደግሞም ሲሄዱ ራዲዮዋ ላይ የሞሉትን የቻናል ቁጥር በወረቀት እንኳ ጽፈው አልተዉም።

ብሎኖቿን ፈትቼ ሆዷን ከፈትኩ። አረንጓዴው ሰሌዳ ጥግ ላይ፣ ጉንዳን የጻፈው በሚመስል ፊደል፣ አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ፈለግኩት፤ የባትሪዋን መቆለፊያና የጆሮ ማዳመጫዋን ሁለት ቀዳዳ አስተያየሁ። ከዓመታት በፊት ጥቂት ቀን ተሸጣ የጠፋች ሞዴል ናት፤ ሥራዋ ግን የዛሬዎቹን ያስንቃል። ሶፍትዌሯ ሲዲዬ ላይ አለ! ባለቤቴ ፊት ብሆን ኖሮ እዘፍን ነበር።

የመጀመሪያው ኬብል አልሠራም፤ ውስጡ ያለው ቺፕ አስመስለው የሠሩት ነው። ሁለተኛው ሠራ። ራዲዮዋን አነበብኳት፤ አሥራ ስድስቱም ቻናል ባዶ። አንድ ሰው ወደ ፋብሪካ ይዞታዋ መልሷታል፤ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም የምትነጋገርበት የሞገድ ቁጥር፣ ተደምስሷል።

እራት እስኪቀርብ ድረስ ያን ሰው ስሰድበው ቆየሁ። "የማያውቀውን የሚነካ! እጁን ኪሱ ማስገባት ያቃተው! አህያ እንኳ የተጫነችውን አትደፋም!" ጋሽ ተፈራ ሥጋ እየመረጡ ወደ እኔ ይገፋሉ። እኔ እበላለሁ፣ እሰድባለሁ። በመጨረሻ እጃቸውን ጠርገው "አህያው እኔ ነኝ" አሉ።

ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

"ያለፈው ዓመት፣ የደርሚ ልጅ ሲሞት፣ አዋላጇ 'ነግሬሃለሁ' አለችኝ። እኔ ደግሞ አልሰማሁም። ዓይን ዓይኔን እያየችኝ 'ነግሬሃለሁ' አለች። እንግዲህ የእኔ ራዲዮ ናት ቃል የምትውጠው ብዬ፣ አንድ ሰው ሁለቱን ቁልፍ አብረህ ተጭነህ ክፈታት ቢለኝ፣ ተጫንኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዝም ነው።"

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ሌላ ሥጋ ገፉልኝ።

ሦስተኛው ቀን፤ ከጎዶማ ወዲያ

ፍሪኩዌንሲው ያለው መንደሩ ውስጥ ባለችው ራዲዮ ሆድ ብቻ ነው። አዋላጇ "ራዲዮዬ ከመንደር አትወጣም" ብለው በሰው ስለላኩ እኛ ወረድን። ሞያሌ ከፍታ ላይ ናት፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ቆላው እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቶ ይታያል። ራዲዮዋ የምትደርሰውም ለዚህ ነው። ከዋናው አስፋልት ከወጣን በኋላ ያለውን ግን መንገድ ብለው ለሚጠሩት ሰዎች ንስሐ እመኝላቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ ወርጄ ድንጋይ ገፋሁ።

አዋላጇ አዴ ሎኮ ይባላሉ፤ "አዴ" በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚመረምር። በወጣትነታቸው ኢትዮጵያው በኩል ገበያ ወተት ሲሸጡ የለመዱት አማርኛ አላቸው። ሠላምታው ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ ነጋያ፣ ሲያጥርም ነጋ፣ ሰላም ማለት ነው። "ነጋያ? መንገድ ነጋ? ሐዋሳ ነጋ? እናትህ አለ? ሚስት፣ ልጅ፣ ከብት?" ከብት የለኝም ስላቸው ከልባቸው አዘኑልኝ። ደርሚ ከጎጆዋ ጥላ ሥር ተቀምጣ በሆዷ ላይ እጇን ጭናለች፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም። የፈላ ወተት ሻይ ሰጠችንና ፊቷን ወደ መኪናው አዙራ ማየት ጀመረች።

"አዴ፣ እንዴት አድርገው እንደሚጠሩ ያሳዩኝ" አልኳቸው።

ራዲዮዋን በሁለት እጅ ይዘው ቁልፉን ተጫኑ፤ ቀዩ መብራት በራ። በኦሮምኛ ጀመሩ፤ ጋሽ ተፈራ በጆሮዬ ይተረጉማሉ። ተፈራ ደህና ነህ፣ ቤትህ ደህና ነው፣ ልጆችህ፣ እንግዶችህ፣ ሞያሌ ሰላም አደረች ወይ፣ ዝናቡ ወዴት ነው፣ ፍየሎቹ…

ትዕግሥቴ አለቀ። "ምጥ ይዟት እየጮኸች ስለ ፍየል? አዴ፣ ሰላምታውን ይተዉትና ወደ ጉዳዩ ይግቡ!"

አዴ ሎኮ ራዲዮዋን ዝቅ አደረጉ። "ራዲዮ የሰጡት ሰዎችም እንዲህ አሉ። ሥዕል አምጥቶ፣ አፍ ላይ መስመር አስምሮ፣ 'ባጭሩ ተናገሩ' አለ። ለምን? አልነገረም። ፈንዲ፣ ይኼ ዕቃ ነው፣ ሰላምታ አያውቅም፣ እሺ። አንተም አታውቅም?"

ፈንዲ ማለት እዚያ ባለሙያ ማለት ነው። እንደዚያን ቀን ሲጠሩኝ አፍሬ አላውቅም።

"ሰላም ሳንል ከጠራን" አሉ ቀጥለው፣ "የሚሰማው ሰው ሞት ነው ይላል፣ ልቡ ይወድቃል፣ መኪና ገደል ይጥላል። እኛ አንደኛ ሰው ደህና ነው እንላለን። ከዚያ ጉዳይ።"

"ይቅርታ፤ እንደገና ይጀምሩ። እስከ መጨረሻው።"

እንደገና ተጫኑ፣ እንደገና ጀመሩ። ቤት፣ ልጅ፣ እንግዳ፣ ዝናብ። ፍየሎቹ ላይ ሲደርሱ ራዲዮዋ አንዴ "ጢጥ" አለች፤ ቀዩ መብራት ጠፋ። አዴ ሎኮ አላቆሙም። አውራ ጣታቸው ቁልፉን እንደተጫነ ነው። ፍየሎቹን ጨርሰው፣ ግመሎቹን ጠይቀው፣ ከዚያ ግልጽ በሆነ ድምፅ ተናገሩ። ጋሽ ተፈራ ግን መተርጎም አቁመው ነበር። የጠፋውን መብራት እያዩ ነበር።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"'ደርሚ ምጥ ይዟታል፣ መኪና ላክ' ነው ያለችው።"

አዴ ሎኮ ቁልፉን ለቀቁ። "ከዚያ ተፈራ 'ነጋ፣ ነጋ' ይላል። መጣ ማለት ነው። መንገድ ወጥተን እንጠብቃለን።"

ጋሽ ተፈራ መሬት ላይ ተቀመጡ። "ያን ቀን ሰላምታዋን ሰማሁ" አሉ በአማርኛ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። "ደስ አለኝ። ነጋ፣ ነጋ ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ሻዬን ጠጣሁ።"

እኔ ላፕቶፑን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኝቼ የመንደሩን ራዲዮ አነበብኳት። ፍሪኩዌንሲው አለ። ከስክሪኑ ታች በኩል አንዲት ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሠላሳ የሚል ቁጥር አለ። ራዲዮዋ ያለማቋረጥ የምትናገረው ለሠላሳ ሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው፤ እንዳትግል ተብሎ ፋብሪካ የሚያስቀምጠው ገደብ ነው። የማይፈልግ ሰው ይለውጠዋል። ሁለት ጠቅታ ነው።

በወዳጆቼ ፊት ጨዋ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሰዎቹ ገደቡን ያውቁ ነበር! ባያውቁማ ኖሮ "ባጭሩ ተናገሩ" የሚል ሥዕል ከየት ይመጣል? ሥዕሉን ሊያስሥሉ፣ ሊያሳትሙ፣ መኪና ተከራይተው ያን ድንጋይ ሁሉ ዘለው ሊያመጡ ጊዜ ነበራቸው። ራዲዮዋን ለሰዎቹ ከማስተካከል ሰዎቹን ለራዲዮዋ ማስተካከል ቀለላቸው። "ጢጥ" ስትል ንግግሩ ተቆረጠ ማለት መሆኑን እንኳ የነገራቸው የለም። እኔስ ከነሱ በምን እሻላለሁ? አንድ ሲኒ ሻይ ሳልጨርስ ያንኑ ነበር ያልኩት።

ገደቡን አነሳሁት። ጋሽ ተፈራ ላመጧትም ራዲዮ ሁሉን ገልብጬ ጻፍኩባት። ከመጻፌ በፊት አንድ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ፣ አንድ ቅጂ በእጄ ጽሑፍ ወረቀት ላይ አስቀረሁ፤ አዴ ሎኮ ወረቀቱን አጣጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ "ጢጥ" ማለት ምን እንደነበር ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ወደ ጋሽ ተፈራ ሄደው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡና በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሏቸው። ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም። ዓመት ሙሉ "ነግሬሃለሁ"፣ "አልሰማሁም" ሲባባሉ እንደኖሩ ግን ገባኝ።

ስንመለስ ጎማ ፈነዳ። አዴ ሎኮ ባትሪ ለመቆጠብ ራዲዮዋን የሚከፍቱት ጠዋትና አመሻሽ ለአጭር ጊዜ ነው፤ እኛ ሆቴል ስንደርስ ሰዓቱ አልፏል። ከተማው ድረስ መሰማቷን ሳናውቅ አደርን።

አራተኛው ቀን፤ ያመለጠኝ አውቶቡስ

ጠዋት ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ በሻይ እየበላሁ ቦርሳዬን እግሬ ሥር አስቀምጬ ነበር። ሻያቸው ወተትና ስኳር ሲሆን ሻዩ ለይሉኝታ የገባ ነው። ድንበሩን ተሻግሬ አውቶቡስ ለመያዝ አንድ ሰዓት አልቀረኝም። ራዲዮዋ በረንዳው ላይ፣ ቆላው በሚታይበት በኩል፣ ምስማር ላይ ተሰቅላለች።

ድንገት ተናገረች። የአዴ ሎኮ ድምፅ ነው፣ ጥርት ያለ፣ አጠገባችን የቆሙ እስኪመስል። ተፈራ ደህና ነህ፣ ቤትህ ደህና ነው፣ ልጆችህ… አስተናጋጇ ትሪ እንደያዘች ቆመች። ጋሽ ተፈራ ተነስተው የመኪናውን ቁልፍ ጨበጡ። ዝናቡ ወዴት ነው፣ ፍየሎቹ… እዚህ ጋ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። "ጢጥ" የለም። ፍየሎቹ አለፉ፣ ግመሎቹ አለፉ፣ ፈንዲውስ ደህና አደረ ወይ ተባለ። ከዚያ ሠላምታው አለቀና፣ በዚያው ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ ጉዳዩ መጣ፤ ደርሚ ምጥ ይዟታል፣ መኪና ላክ።

ጋሽ ተፈራ ራዲዮዋን ከምስማሩ ነቅለው እጄ ላይ አኖሩና ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አላየሁም።

ደርሚ ሴት ልጅ በሰላም እንደተገላገለች ከሆስፒታሉ በር የሰማሁት ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ አውቶቡሴም ካመለጠኝ ቆይቷል። በዚያች ደቂቃ የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዴ ሎኮ ከዚያ ማዶ ቁልፉን ለቀው መልስ ይጠብቃሉ። ቁልፉን ተጫንኩ። "አዴ፣ ነጋያ? መኪናው…" ልል ብዬ አቆምኩ። "ቤትዎ ነጋ? ልጆች ነጋ? ከብቱ ነጋ?" ኦሮምኛዬ በዚያው አለቀ፤ የቀረውን በአማርኛ ቀጠልኩ። ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ፣ ስለ ግመሎቹ ጠየቅኩ፣ ስለ ፍየሎቹ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ከግቢው ውጪ ፒክአፑ ቁልቁለቱን ሲይዝ ይሰማኛል። ከዚያ "ተፈራ ወጥቷል፣ እየመጣ ነው" አልኩ። ቀዩ መብራት አሁንም እንደበራ ነበር።